አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ እጄ ነው የሚሰማ፤
አፌን አያውቀውም ሰው፣ በዚህች በጉም ከተማ።

ደብረ ሲና፣ ከሰዓት፣ ጉም ከጣርማበር ሲወርድ፣
የአዳራሹን መስኮት ሲልስ፣ የሻዩን ብርጭቆ ሲያበርድ፣
አጀንዳ አንድ ተባለ፤ የቦይ ጠረጋ።
ሁለት፤ የማዳበሪያ ዋጋ።
ሦስተኛው ግብር ነበር፤ ሰው ተነሣ፣ ሰው ተቀመጠ፤
አራተኛው "ልዩ ልዩ" ሲባል ግማሹ አመለጠ።

ልዩ ልዩ ማለት፣ ላላወቀ፣
ወንበር ከተንቋቋ፣ ሰብሳቢው ኮቱን ካጠለቀ
በኋላ የሚነሣ ነው፤
ስም ያልወጣለት፣ መደብ የሌለው።

መምህርት ማንያህልሻል ግን አልወጣችም።
ከጣቷ ላይ ጠመኔውን እንኳ አላራገፈችም።
"ልጆቼን" አለች፣ "ስድስት ተኩል ላይ ደወል ይለቃቸዋል፤
ከደወሉ እስከ ምሽት ግን አስፋልቱ ይይዛቸዋል።
የደሴው አውቶቡስ ሲቆም፣ ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው
በመስኮት ሥር ይሮጣሉ፣ ከጎማ ጋር ተፎካክረው።
ደመላሽ ማካፈል ያውቃል፣ የመቶ ብር መልስ ሲሰጥም፤
ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ግን አንድም ቁጥር አይሰማውም።
ቤት ሥሩልኝ አላልኩም፤ ቤቱ ቆሟል፣ ተዘግቷል፤
ቁልፍ ነው የምለምነው፤ እሱም ኪስ ውስጥ ዝጓል።
ሁለት ሰዓት፣ አንድ አምፖል፣ የጥበቃው ደመወዝ፣
የሚያስጠና ሰው፣ በወር የሚከፈለው፣ በምርቃት ብቻ የማይያዝ።"

ትምህርት ጽሕፈት ቤት "የሴቶችና ሕፃናት ነው" አለ፤
ሴቶችና ሕፃናት "የወጣት ማእከል ነው" አለ፤
የወጣት ማእከል ጣራ አየ፤ "መመሪያ ካለ…" አለ።
ሦስት ማኅተም አንዲት ጥያቄ እንደ ፍም ተቀባበሉ፤
"እናቀናጃለን" አሉ።

ድር ቢያብር ይባላል፤ መልካም።
ፈታዩ ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይናገርም።

ይኼኔ ከጥግ፣ ለግብሩ መጥቶ እንቅልፍ የጣለው
የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፣ የሺጥላ፣ ጉሮሮውን ጠረገው።
"ታኅሣሥ ላይ አንዱን ከጎማ ሥር የጎተትኩት እኔ ነኝ።
ጫማው እዚያው ቀረ፤ ሌሊት ሌሊት ያ ጫማ ነው የሚታየኝ።
በሩን ክፈቱት፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ
አንድም ልጅ መኪና ሥር አይደርስም፤ ይህ በእኔ በኩል ይወሰድ።"

"ቀስ!" አለች ዘነበወርቅ፣ የቆሎ ቆዪዎቹ ዳኛ፤
"ልጁ ካልሸጠ ማታ ድስት አይጣድም፤ ይህን ማን አሰበ ለእኛ?
አትከልክሉ፤ አስሉ። በየተራ እኛ እንሸጣለን፤
የልጁንም ድርሻ ለቤቱ፣ ሳትጎድል፣ እናደርሳለን።"

ሰብሳቢው ፈገግ አለ፤ "ግሩም! በል፣ ልዩ ልዩ ውስጥ አስገባው።"
"አይሆንም" አለች መምህርቷ፤ "ልዩ ልዩ የክረምት ጎጆ ነው፤
ለዘንድሮ ያስጠልላል፤ ከርሞ ነፋስ ነው የሚወስደው።"

እኔም፣ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቃል የቀዳሁ፣
ያን ዕለት ከራሴ አንድ መስመር ጨመርሁ፦
"አጀንዳ አምስት። ከደወል በኋላ። የራሱ የበጀት መደብ ይኑረው።"
ሰብሳቢው አነበበ። አየኝ። ስክሪብቶውን ሁለቴ ሞከረው፤
ፈረመ።
ማኅተሙ ግን ደርቆ ነበር፤ ግማሹ ብቻ ታተመ።

በጀት በሐምሌ ነው፤ ዛሬ ገና መጋቢት ነው።
ቁልፉ በዘይት ተለምኖ ዞረ፤ አምፖሉም የሺጥላ የገዛው ነው።
አሥራ ሰባት ልጆች መጡ። ደመላሽ ዘግይቶ፣
ኪሱ ቆሎ ተሞልቶ፣
ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና
ለአሥራ ሰባት ያካፍል ጀመር፣ እንደገና፣ እንደገና።
አምስት ፍሬ ተረፈ።

ከታች የደሴው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ።
አሥራ ሰባት ራስ ቀና አለ።
አንዱ ተነሣ።
"ቁጭ በል" ያለው ሰው የለም።
ቆመ፣ ቆየ።
ቁጭ አለ።