አሥራ ሰባተኛው ሾጣጣ

ከሁምፖሌትስ ማዶ፣ ዳገቱ ሲያበቃ፣
ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣ ፀሐይም ሳትነቃ፣
ትመጣለች ዝዴንካ፣ ቢጫ ሰደርያዋን አጥልቃ፣
የወደቀ ልትቆጥር።

ሰው አይደለም፤ ሾጣጣ ነው፤
ብርቱካንማ፣ ጉልበት ድረስ፣ በላስቲክ እግር የሚቆመው፤
ማታ በሠልፍ ትታው ሄዳ
ጧት አንዱን ከቦይ፣ አንዱን ከሣር የምትለቅመው።

“ይኸ ንፋስ ነው” ትላለች፤ ወደ ጎን ተጋድሟል።
“ይኸ ግን መኪና ነው”፤ ወገቡ ላይ የጎማ ጥቁር ታትሟል።
“ይኸኛው ደግሞ...” ትልና ዝም።
አሥራ ሰባተኛው። እንደገና አሥራ ሰባተኛው።
ሦስት ሌሊት ሙሉ እዚያው ቦታ የተገጨው።
ቦሁስላቭ፣ ፎርማኑ፣ ከፔርሙሱ ሻይ እየቀዳ፣
“ሰካራም ነው” ይላል።
“ሦስት ሰካራም፣ በሦስት ሌሊት፣ አንድ ሾጣጣ ይመርጣል?”
አልመለሰም። የሻዩ እንፋሎት ከጭጋጉ ይቀላቀላል።

ዪህላቫ ባለው ቢሮዋ፣ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ልክ ነው፤
መንገዱ እንደ ቀሚስ ወገብ ቀስ እያለ ነው የሚጠበው፤
ምልክት፣ ርቀት፣ ደግሞ ምልክት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀስት፤
ከመቶ ሠላሳ ወደ ሰማንያ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ፍጥነት።
ወረቀት ግን አይደክመውም።
ወረቀት ከግዳንስክ በጧት አልተነሣም።
ወረቀትን ልጁ ደውላ “መቼ ትመጣለህ?” አትለውም።

በዚህ መንገድ አንዲት ሰከንድ ማለት
ሠላሳ ስድስት ሜትር ናት።
ማስነጠስ፣ ግማሽ ኳስ ሜዳ።
የሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ፣ አንድ መንደር ከነአጥሩ።
“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላል የኛ ሰው፤
እዚህ የፈሰሰውን ማን ለቅሞት ያውቃል?

ስለዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
አሮጌ ሽኮዳዋን አስነሥታ፣
የሠራችውን መንገድ ልትሞክር ገባች፣ እንደ ባዕድ፣ እንደ እንግዳ።
አንዴ ነዳች። ምንም የለም።
ሁለተኛ። ምንም።
ሦስተኛው ላይ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተከትላ፣
ዳገቱን ጨርሳ ልክ ቁልቁለቱን ስትይዝ
ብርሃን ወደቀባት።
ነጭ። እንደ ጥፊ።
መንገድ የለም፣ ቀስት የለም፣ አሥራ ሰባተኛው የለም፤
የሠራተኞቹ መብራት ብቻ፣ ከምሰሶ ጫፍ፤
ለእነሱ የበራው ለእሷ ጨለማ ሆኖ።
ፍሬኑን ረገጠች። በክንድ ልክ ተረፈች።

መብራቱን ወደ መንገዱ ያዞረው ቦሁስላቭ ነው፤
ኦታካር ከሞተበት መኸር ጀምሮ፤
“ጨለማ ነው የበላው” ብሎ፣ “ሹፌሩ አላየውም” ብሎ፣
በየሄደበት ሥራ መብራት ሲያዞር ኖሮ፣
ዘጠኝ ዓመት።
እንዴት ይነገራል? የሰውን ሐዘን በምን እስክሪብቶ ይሰርዙታል?
አልነገረችውም። የሽኮዳውን በር ከፈተችለት።
“ግባ” አለች። “ቀበቶህን።”

ሲመለሱ ሻይ አልቀዳም።
ወደ ምሰሶው ሄደ፤ ብሎኑን አላላ፤
መብራቱን አጎነበሰው፣ ቁልቁል፣ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ጓዶቹ እጅ፤
ቆቡንም አውልቆ ትንሽ ቆመ።
እሷም ምልክቱን ከዳገቱ ወዲህ አራት መቶ ሜትር አራቀች፤
ሻካራ መስመር አስቀየሰች፣ ጎማ ሲረግጠው የሚያጉረመርም፣
የተኛን ሰው ከነወንበሩ የሚቀሰቅስ።

የግዳንስኩ ሹፌር በማግሥቱ ሌሊት መጣ።
አጉረመረመበት፤ ነቃ፤ እግሩን ከነዳጁ አነሣ፤
“እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚጨርሱት?” ብሎ ተሳደበ፤
አለፈ።
ከሞት ጋር ትከሻ መጋፋቱን ማንም አይነግረውም፤
ለልጁ “ዘገየሁ” ይላታል እንጂ ሌላ ወሬ የለውም።

ጧት። ጭጋግ። የጎመንዘር ሽታ ከማሳው።
አሥራ ሰባተኛው ቆሟል፣ ጤዛ ለብሶ።
ቦሁስላቭ ሁለት ኩባያ ቀዳ።
“ንፋስ ነው” አለ፣ ራቅ ብሎ የተጋደመውን አራተኛውን እያመለከተ።
ዝዴንካ ግን ጎንበስ አለች፤
ላስቲኩን በጣቷ ዳሰሰች፤
ሻዩ ይቀዘቅዛል፤
ታነባለች።