ደቻቱ ዳር

ሦስት ቀን ዕረፍት ነው፤ ዓርብን አስጨምረን
ጅቡቲ ልንወርድ፣ ባሕር ልናይ ነበር።
የነጃት ፓስፖርት ጊዜው አልፎ ተገኘ፤
ድሬዳዋ ቀረን።

«ምናለ?» አለችኝ፣ «አሸዋው እንደሆን
እዚህም ሞልቷል።»
ከዚራን ዞርነው፣ ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እየዘለልን፣
አስፋልቱ ጫማዬን ይዞ፣ አልለቅም እያለኝ።

ጠዋት ፈትራ በማር፣ ጣት ከጣት ተጣብቆ።
ቀትር የግመል ሥጋ፣ ሩዝ ላይ ተደርቆ፤
በላዩ ሐብሐብ፣ በሐብሐብ ላይ ሳምቡሳ፣
ማታ መጋላ፣ ከበረዶ ሣጥን የወጣ ዓሣ።
«ትናንት ባሕር ነበር» ይላል ሻጩ፣ እየማለ በልጁ።
ነጃት አሸተተችው። «የትኛው ትናንት?»
ሳቅን፣ ከነሻጩ።

በሦስተኛው ማታ፣ ዳግም ፈትራ ይዘን፣
ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጠብታ ሳይወርድብን፣
ደቻቱ መጣ።
ልጆች ቀኑን ሙሉ ኳስ የለጉበት ደረቅ አሸዋ
ተነሣ፤ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ማዕበል ሆነ።
«ባሕር!» አለች ነጃት። አጨበጨበች።
እኔም።

የባጃጁ ሹፌር፣ አብዱረዛቅ፣
ድልድዩን ተደግፎ ያይ ነበር። አልሳቀም።
«እህቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ለዚህስ አይጨበጨብም።»
ማንን እንደወሰደበት አልጠየቅነውም።
ሒሳብም አልተቀበለን።

መዳፏ ገና የፈትራውን ማር ይዞ ነበር፤
እንደ ጨበጠችው ሄደች፣ እስከ ሆቴሉ በር።