የግራ ጎኔ ነገር

ማን አወጣላት ይህን የጌጥ ስም፣ አልማዝ ባለጭራ?
እኔ ቤት አልማዝ ገብቶ አያውቅም፣ ከዚህች በቀር፣ ጎኔ ላይ ስታበራ።
በግንቦት መጣች፤ ከአከርካሪዬ በግራ ተነሥታ
እስከ እምብርቴ አፋፍ የእሳት መቀነት ዘርግታ።
ሸሚዝ ጠላቴ፣ አንሶላ ጠላቴ ሆኖ፣
ኮዬ ፈጬ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ አነጋሁ፣ ጩኸቴ ጥርሴ ውስጥ ታፍኖ።

«ጭራዋ ዞሮ ከራሷ ከገጠመ፣
አበቃ፣ የሰው ነገር ተፈጸመ»
አለችኝ የሻረግ፣ ከታችኛው ፎቅ ለጥየቃ መጥታ፤
በጣቴ እየለካሁ ጠበቅኋት፣ ጧትና ማታ።
አልገጠመችም። ደረቀች፣ ረገፈች፣ ጠባሳ ጥላ ሄደች።
ተመስገን አልኩ፤ ምላሴ ቀደመች።

በሦስተኛው ሳምንት ቀበቶዬ እምቢ አለ፤
ከሆዴ በግራ በኩል ሌላ ሆድ በቀለ።
ሳስል ይገፋል፣ ስጋደም ይሸሻል፤
ስነካው ደንዝዟል፣ የሌላ ሰው ሆድ ይመስላል።

እኔ ደግሞ የብሎኩ እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ፣
አራት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ያልጎደለብኝ።
«ጋሽ ጥላዬ ጠገበ! በአንድ ጎኑ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።
ጌታሰው ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኖቹ ከመዝገቤ ወደ ጎኔ ዘለቁ።
ሆድ አደር አላለኝም። ያልተባለ ስድብ
ደረሰኝ የለው፣ በምን ይመዝገብ?

አቃቂ ወረድኩ። ዶክተር ሌንሳ ያስሉ አለችኝ፣ ይተኙ አለችኝ፣
ጠባሳውን ተከትላ በመርፌ ጫፍ ነካካችኝ።
«ቡአ አይደለም፣ ቢላም አይሻም። በነርቭዎ ስታልፍ መስመሩን አቃጥላው፣
አምፖሉ ደህና ነው፣ ጡንቻዎን ማለቴ፤ መብራቱ ነው ያልደረሰው።
ከስንት አንድ ሰው ይገጥመዋል። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ በወራት።»
መብራት ጠፍቶ መጠበቅ? እሱንስ ለምደነዋል፣ እኔና ሰፈሩ፣ ለዓመታት።

ወረቀቷን ለእድሩ ላሳይ ወጣሁ፤ ደረጃው መሃል ቆምኩ።
ሆድ ገልጦ ንጽሕና ማስረዳት! አፈርኩ። ተመለስኩ።
መዝገቡን ብቻ ሰጠኋቸው፦ ቁጠሩ።
እስኪመሽ ቆጠሩ፤ የጎደለ አላገኙም፤ ይቅርታም አልተናገሩ።

ብዙአየሁ ጧት ጧት ወገቤን በነጠላ ጠፍራ ታስርልኛለች፣
«ጠበቀ?» «አይሰማኝም።» «እንግዲያ ጠብቋል» ትላለች።
ዛሬ ሳስል በግራ በኩል የሆነ ነገር ሳብ አረገኝ፣
እንደ ቀጭን ክር።
ወይ መሰለኝ።
ለሷም አልነገርኳት። «ሆድ ይፍጀው» አልኩ፤
የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩ።