የጨው እንግዳ

የአፍዴራ ጨው ሲራገፍ ባሕር ዳር መጋዘን፣
ከአንዱ ጆንያ ስፌት ወጣች፤ ዝም ብለን አየን።
ከክንዴ አትረዝም፤ አቧራ መልኳ፤ ዓይኗ የማይከደን።
ተጠምጥማ ቅርፊቷን በቅርፊቷ ስትስል፣
የዛገ መጋዝ ዋንዛ ሲገዘግዝ ይመስል።

«ግደሏት!» አለ ቆጣሪው፣ አነሣ አካፋ፣
ይባቤ ግን የጀሪካን ቁራጭ ላይዋ ላይ ደፋ።

የዘበኛው ልጅ አይናዲስ መጽሐፏን ገልጣ
«አገሯ ይኸ ነው» አለች፣ ጣቷን በቀዩ ቀለም አሩጣ።
ቀዩ ከባሕሩ ተነሥቶ በደንከል አሸዋ ይፈስሳል፣
አዋሽን ይዞ ይወርዳል፣
ተራራው ሥር ሲደርስ ይመለሳል።
ጣና ያለበት ነጭ ነው። ማንም አልቀባውም።

ከበሩ ባሻገር ደንገሉ፣ ታንኳው፣ ያ ሁሉ ውሃ!
እሷ የምትሻው ግን ትኩስ ድንጋይ፣ በረሃ።

«ሌሊቱ ይበርዳታል» አለ ይባቤ፣ የመተማው ሰው፣
ጋቢውን አውልቆ ጀሪካኑን አለበሰው።

ማለዳ ሾፌሩ ሐመዱ ባዶውን መኪና አስነሣ፤
ከጎኑ አንድ ጀሪካን፣
አፉ በጨርቅ የታሰረ፣ ጎኑ በሚስማር የተበሳሳ።
የዓባይን ድልድይ ሲያልፍ ቆመን አየነው።

ጋቢውም አብሮ ሄደ።
ይባቤ እስከ ዛሬ አልጠየቀም።