ባለቤትና ተሳቢ

ሃያ ሁለት ዓመት ሰዋስው አስተማርኩ፤
"ባለቤቱ የቱ ነው? ተሳቢውስ?" እያልኩ
በቀይ እስክሪብቶ ስንት ደብተር አረምኩ።
ያኔ የማላውቀው
ተሳቢ የሚባል ባለ ሁለት ጎማ ብረት መኖሩን ነው፤
ያውም ጥርሱ የዛገ፣ ያውም ደሙ ጨው ነው።

ጀልባዋን ስገዛት ላንገሱንድ ወርጄ
ሆዷን መታ መታ አደረግሁት በእጄ፤
ሞተሯን አስነሣሁ፣ ድምፁን አዳመጥኩ፣
ቀለሟን፣ መቅዘፊያዋን፣ ወንበሯን መረመርኩ፤
የተሸከማትን ግን ዞሬም አላየሁት፤
ሙሽራ ሊያይ ሄዶ በቅሎዋን ማን ሊያያት?

ወደ ክራገሮ ዳገቱን ጨርሼ ቁልቁለት ስጀምር
ከኋላዬ ሸተተኝ የሚጠበስ ነገር።
በግራ መስታወት ቀጭን ጭስ አየሁኝ፤
የሌላ ሰው መስሎኝ "እለፍ" ብዬ ቆምኩኝ።
የሚያልፍ ሰው የለም፤
ጎማዬ ነው ጭሱ፤ እንደ ሰከረ ሰው አንገቱ ዘመም።

ቱርቢዮርግ ጎረቤቴ፣ መካኒክ ነበረች፣
አርባ ዓመት በመርከብ ሆድ ውስጥ የኖረች፤
ስነግራት አልሳቀች፣ አላዘነችም፤
"ሞዞውን የከፈትከው መቼ ነው?" አለችኝ። በቋንቋዋ ቃሉን አላወቅሁትም።
ጣቷን ስትቀስር ግን
ደሴ፣ ጋራዥ ደጃፍ፣ በልጅነቴ የሰማሁት ስም
ከነግራሶው፣ ከነሽታው መጣ፣ ሳይቀር ምንም።

ቅዳሜ ጠዋት በክሪክ አነሣነው።
ክዳኑን በመዶሻ ጎን ጎኑን አንኳኳችው፣
የተቆለመመውን ሽቦ በፒንሳ መዘዘችው።
ዳዶው ተፈታ፤ ኩሽኔታው ወጣ፤
ኩሽኔታ አይባልም፣ ቀይ ጭቃ ነው የመጣ፤
ግማሹ እንደ ጥርስ ረግፎ፣ ግማሹ ተበልቶ፣
ግራሶው ከጨው ውሃ ጋር እንደ እርጎ ነጥቶ።

"ውሃውን አትውቀስ" አለች። "ሞዞው በመንገድ ግሎ
ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ዘሎ
ሲወርድ፣ ትንፋሹን ይስባል፤ ጨው ይገባል ተከትሎ።
እስኪበርድ ጠብቅ። ሻይ ጠጣ። አውራ ከሰው፤
ለችኩል ነው እንጂ ኩሽኔታ የሚሸጠው።"

የግራሶ ጉብታ መዳፌ ላይ አኑራ
"ጫነው፣ በማዶ እስኪወጣ፣ አትፍራ፤
ንጹሕ እጅ አይበቃም ለዚህ አደራ።"

ከዚያ የዳዶው ተራ። ያኔ ነው ሰዋስዌ የነቃ።
"አጥብቀው" አለች፣ ጎማውን እያሽከረከረች፤ "በቃ፤
አሁን አላላው፣ ሩብ ዙር።"
ሳቄ መጣ ከሆዴ ሥር።
ማጥበቅና ማላላት!
ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የጮኽኩባት፦
"አለ" ሲላላ ተናገረ፣ "አለ" ሲጠብቅ ኖረ።
ጎማም እንዲያው ነው ለካ፤
ከላላ ይናገራል፣ ይጮኻል መንገድ ለመንገድ፤
ከጠበቀ፣ አለ፤
አብዝተህ ካጠበቅኸው ግን መኖሩም ለመንደድ።

ይህን ለቱርቢዮርግ በሰባራ ኖርዌይኛ ላስረዳት ሞከርኩ።
"ሽቦውን አስገባ" አለችኝ። አስገባሁ። ዝም አልኩ።

ማሰሪያውንም አየነው፣ ጠርዙ በፀሐይ ተፈልፍሎ፤
በእኛ ቋንቋ ማሰሪያው መጨረሻ ነው፤ እሱ ከሌለ ነገር ሁሉ ይቀራል ተንጠልጥሎ፤
ቀየርኩት፣ ዋጋውን ሳልጠይቅ፣ ቶሎ።
የኋላ መብራቱን ግን እስካሁን አልቻልኩበትም፤
ግራ ሳሳይ ቀኙ ይበራል፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ግንቦት ላይ ብቻዬን ወደ ባሕሩ ወረድኩ።
መሪውን ወደ ግራ ስል ተሳቢው ወደ ቀኝ፤
አውቶቡስ ነጂው እኔ፣ ሦስቴ ከሸፈብኝ።
በአራተኛው ቀና፤ ውሃው ጫፍ ላይ ቆምኩ።
ከኋላዬ ሁለት መኪና፤ አንዱ ጥሩምባ ነፋ።
ወርጄ ሞዞውን በመዳፌ ዳሰስኩት፣
ያተኮሰው ልጅ ግንባር ይመስል ያዝኩት።
ሞቅ ይላል። አይፋጅም። ግን ሞቅ ይላል።

"ገና ነው" አልኩት ሰውየውን። ይህ "ገና" ይጠብቃል።
ቴርሞሴን ከፍቼ ሻይ ቀዳሁ።
ባሕሩም ይጠብቃል።