ተቀመጥ

እሑድ ገና ሳይነጋ፣ ልጄ ሻንጣ ጎትታ
ወደ ጦር ሰፈሯ ሄደች፣ ቡችላ ለኔ ትታ።
«ስሙ ሾኮ ነው፣ አባ፤ ለጥቂት ሳምንት ነው» አለች፤
«አባ» ብቻ ናት በሁለቱም ቋንቋ አንድ የሆነች፤
ሌላው እንደ ልማዱ፦ እኔ በአማርኛ ስጠይቅ፣ ኖጋ በዕብራይስጥ ስትመልስ፣
እንዲህ ነው የዘለቅነው እስካሁን ድረስ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያለቅስ አደረ፣
በሩን በጥፍሩ እየጫረ።
ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ራይሳ ቧንቧውን በማንኪያ መታች፤
ጠዋት ደረጃው ላይ ጠብቃ «ርቦት ነው?» አለች።
«አይደለም፣ በልቷል።»
«እንግዲያው ያልታጠበ ሸሚዝ ስጠው፤ ጠረንህ ያባብለዋል።»

አባቴ ቢሰማ! የአባቴ ውሻ ደጅ ነበር አዳሩ፣
ጅብ ሲመጣ መጮህ ነበር ምግባሩ፤
ሸሚዝ ማን ሰጠው? ስም እንኳ አልሰጠነው፤
የተረፈንን ነው የወረወርንለት፣ ሲለው ሲለው።
እኔ ግን ሸሚዜን አወለቅሁ።
ተኛ። እኔም ተኛሁ።

ከዚያስ? ከዚያማ —
የሰንበት ጫማዬን የግራውን ብቻ በላ፤
ቀኙ መደርደሪያው ላይ አለ፣ እንደኔ፣ ያለ ሌላ።
ምንጣፍ ላይ ሸና። ጠረግሁ። ሳልጨርስ ደገመ።
ጋዜጣ ባነጥፍለት ከጋዜጣው ጎን ቆመ።
አፉላ የሱፍ ፍሬ አገር ነው፤ በየወንበሩ ሥር ልጣጭ፣
እሱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ዋጭ።
አንድ ማክሰኞ አስመለሰው። ሦስቴ። ዓይኑ ደፈረሰ፣
የኔም ልብ፣ ልናገር አፍራለሁ፣ አብሮ ፈሰሰ።
ተሸክሜው ሮጥሁ። ዶክተር ባሲማ ሆዱን ዳሰሰች፣
«ልጣጭ ነው፣ ይወጣል። ቸኮሌት ግን እንዳይቀምስ» አለች፤
«ለውሻ መርዝ ነው። ስሙ ማነው?» ስትለኝ አፈርሁ፤
«ሾኮ» አልኋት።
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ከአንገቱ ቆዳ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁጥር ቀበረች፣
ክትባቱን በደብተር ጽፋ ማኅተም አኖረች።
እኔ ለመታወቂያ ስንት ወር ተሰለፍሁ፤
እሱ በሁለት ደቂቃ ዜጋ ሆነ። አልቀናሁም። ጥቂት ቀናሁ።

ነሐሴ ሲገባ፣ አስፋልቱ ላይ የእጄን ጀርባ አሳርፌ
እስከ አምስት እቆጥራለሁ፤
ካቃጠለኝ፣ መንገዳችን ያበቃል ከደፌ።

በስልክ «ሼቭ በለው» ትለኛለች፤ እላለሁ፣ ይሮጣል፤
የኔ ዕብራይስጥ ለውሻም ሳይገባው ቀርቷል።
በባንክ፣ በክሊኒክ፣ በየመስኮቱ ሥር
«ምን አልህ?» ስባል ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ለቡችላ ልማር?
አንድ ማታ ከጥበቃ ስገባ፣ ቁልፉን እንኳ ሳላስቀምጥ፣
ሲዘልብኝ አመለጠኝ፦ «ኧረ ተቀመጥ!»

ተቀመጠ።
ጅራቱ ወለሉን እየጠረገ
ሌላ ቃል ፈለገ።
ጨመርሁለት። «ና።» «ቆይ።» «ተው።» «አይዞህ» ነጎድጓድ ሲመታ።
«የኔ ጌታ» አልሁት፣ አንዴ ብቻ፣ ሰው በሌለበት ማታ።

ዓርብ ቀትር ላይ ኖጋ መጣች፣ አቧራ የጠጣ ልብስ ለብሳ፤
ቡችላዋ ጎረምሳ ሆኖ ዘለለባት፣ ጥሎ ሊያነሳ።
«ሼቭ!» አለችው። እኔን አየኝ። «ሼቭ! ሼቭ!» ወይ ፍንክች።
«አባ፣ ምን አደረግኸው?» ብላ አፈጠጠች።
ውሻ የጌታውን ጌታ አያውቅም ይላሉ፤ እኔ ጌታው አይደለሁም፣
ጠባቂ ነኝ። ይህን ግን አልነገርኋትም።
«ተቀመጥ በዪው» አልኋት።
«ተከመት።»
ሾኮ አንገቱን ዘመም አደረገ።
«ተከመጥ።»
አንድ ጆሮው ወደቀ።
«ቀ» አልኋት፣ «ከጉሮሮ፣ እንደሚሰበር እንጨት፤
ጠ ደግሞ ምላስሽን ከጥርስሽ አላቅቂው፣ በፍጥነት።»
ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ ከነቦት ጫማዋ፣
ዓይን ለዓይን ከውሻዋ።
እሱ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ።
ድስቱ ማረር ጀመረ፤ አልተነሣሁም።

«ተ... ቀ... መጥ።»

ሾኮ ቁጭ አለ።
እኔም፣ ከቆምሁበት።

የዚያን ማታ ያረረ ወጥ በላን። ሽንኩርት አለበትና
ሾኮ አፍንጫውን ከገበታው ሲያስጠጋ
«ተው!» አልነው፣ እኩል፣ ሁለታችንም።