መቶ ሰባት

ምላስ የለውም ደወሉ፤ ሆዱ እንደ ማድጋ ባዶ፣
የሚናገረው ከውጭ ነው፣ ግንድ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ከብዶ።
በሌዝብሪጅ ከተማ፣ በቡድሃዎቹ መቅደስ ጓሮ፣
በዘመን መለወጫቸው ሌት፣ በረዶው እንደ ጨው ጠጥሮ፣
ሰዉ ተሰልፏል።
መቶ ስምንት ነው ምቱ፣ ለመቶ ስምንት ምኞት፤
ቁጣም፣ ስስትም፣ ቅናትም፣ ያደረ ቂምም አለበት።

ሃትሱዬ ሞሪሺታ ቆማለች፤ ሰማንያ አንድ ነው ዓመቷ፤
ቀይ ባቄላ ታድላለች፣ ጣቱ ከተቀደደ ጓንቷ።
ለሰው አንዲት፣ አንዲት ብቻ፤ መትቶ ሲመለስ ከደረጃው
ጣሳዋ ውስጥ ጠብ ያደርጋታል፤ ቁጥር እንዳይጠፋ ነው።

የድንች ገበሬው ዱዌን፣ ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ፣
መታና ቆመ ዝም ብሎ፣ ከቀብር እንደመጣ ፈዝዞ።
ነርሷ መጣች እየሮጠች፣ ፈረቃዋ ሳይደርስባት፤
ሕፃን ልጅ በአባቱ ትከሻ ገመዷን ስቦ ሲለቃት፣
ድምፁ፣ ወፍራሙ መረዋ፣ ከአጥሩ ወዲያ ተንከባሎ
በመንገድ መብራት ሥር ሄደ፣ በረዶው ላይ እግር ሳይጥል ቀሎ።

እኔ ከማዶ፣ ዳቦ ቤት፣ እጄ ዱቄት እንደለበሰ
በመስኮት ስቆጥር ነበር፤ መቶ ሰባት ላይ ሰልፉ ፈረሰ።
ወጣሁ፣ ቀረብኩ።
አንዲት ባቄላ ቀርታለች፤ መዳፏ ውስጥ ጨብጣታለች።
“ማን ቀረ?” አሉ መምህሩ።
“ልጄ ኖቦሩ” አለች።
“በአባቱ መሬት ሽያጭ ተጣልተን ይኸው ዘጠኝ ዓመት፤
እሱም ስልክ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩለት።
እስከ ዛሬ በየዓመቱ ለእሱ የምመታው እኔ ነበርኩ፤
የእሱ ይሁን የኔ ቂሙ፣ መለየት አቃተኝ፤ ታከትኩ።
ዘንድሮ ይደር።”

መምህሩ አልተከራከሩም፤ ግንዱን በሲባጎ አሰሩ፤
መኪኖች እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ተሰወሩ።

ሊነጋ ሲል ከተራራው ያ ሞቃት ነፋስ ወረደ፤
ጣራው ማንጠባጠብ ጀመረ፣ የበረዶው ቆዳ ተቀደደ።
ሲባጎው ላልቶ ይሆናል።
ዳቦ ከምድጃ ሳወጣ አንድ ነገር ሰማሁ፤
ምት አይሉት፣
ጥፍር የነካው ብርጭቆ ያህል።
ግንዱ ደወሉን ታክኮ ተመለሰ።
መቶ ስምንት?
ወይስ ነፋስ አይቆጠርም?

ረፋድ ላይ ሃትሱዬ መጣች፣ ሁለት ዳቦ ልትገዛ፣
በዚያው በቀዳዳ ጓንቷ የሳንቲም ቦርሳ ይዛ።
ስትዘረግፈው ባንኮው ላይ ባቄላዋም አብራ ወጣች፤
አየቻት፤ በአውራ ጣቷ አሸት አድርጋ ኪሷ ከተተች።

ልንገራት? አፌን ከፈትኩ።
ምላስ የሌለው ተናግሮ፣
ምላስ ያለኝ እኔ
“መልስዎ” አልኳት፣ “ሃያ አምስት ሳንቲም።”